ዎከር፣ ፉለርና ታከር፦ ስለ ሦስት የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ከእኛ የአባት ስም የሚለየው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ በመተላለፉ ነው። ከ600 ዓመት በፊት አንድ ሰው በሙያው የተጠራበት ስም፣ ዛሬ ያ ሙያ ምን እንደነበረ ሰምቶ በማያውቅ ሰው መታወቂያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከእነዚህ ከሙያ የተወሰዱ ስሞች መካከል ዎከር፣ ፉለርና ታከር አብረው ሊነሱ ይገባቸዋል፤ ሦስቱም የአንድ ሙያ መጠሪያ ናቸውና። ስለ ሦስቱም በሰፊው የሚነገሩ፣ ግን በመዛግብት ፊት የማይቆሙ በርካታ ሐሳቦች አሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዎከር ማለት መንገደኛ፣ በእግሩ ብዙ የሚጓዝ ሰው ማለት ነው»

ቃሉ በዛሬው እንግሊዝኛ «የሚራመድ» ማለት ስለሆነ ግምቱ አያስገርምም። አንዳንዶች የመጀመሪያው ዎከር መልእክተኛ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የንጉሥን ደን እየተዘዋወረ የሚጠብቅ ዘበኛ ያደርጉታል። ነገር ግን የጥንቱ እንግሊዝኛ ግስ መንከባለልንና ማገላበጥን የሚያመለክት ነበር እንጂ መራመድን አልነበረም፤ ከግሱ የወጣው የባለሙያው መጠሪያም የሱፍ ጨርቅን እየረገጠና እያገላበጠ የሚያጠብቀውን ሰው የሚመለከት ነው። በግስነቱ መራመድ የሚለውን ትርጉም የያዘው ዘግይቶ ነው።

ይህ ሙያ ምን እንደነበረ ሳያውቁ ስሙን መረዳት አይቻልምና ትንሽ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ከሸማኔው እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ገና ልብስ የሚሆን አይደለም። ድርና ማጉ ስለሚለያይ ብርሃን ያሳልፋል፤ የበጉ ስብና ለመፍተል እንዲመች የተቀባው ዘይት ወይም ቅቤም አልለቀቀውም። ጨርቅ ረጋጩ ይህን ጨርቅ በገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ለመዘፍዘፊያ የሚያገለግለው ደግሞ ለቀናት ተጠራቅሞ የቆየ የሰው ሽንት ነበር። ነገሩ ለቀልድ የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ የቆየ ሽንት አሞኒያ ስለሚያወጣና አሞኒያው ከስቡ ጋር ሲዋሐድ ሳሙና መሰል ነገር ስለሚፈጥር፣ ሳሙና ውድ በነበረበት ዘመን በርካሽ የሚገኝ ማጽጃ እርሱ ነበር። ቀጥሎም ስብ የሚመጥ ልዩ የሸክላ አፈር ይጨመርበታል። ይህ አፈር ለጨርቅ ንግዱ እጅግ አስፈላጊ ስለነበር በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ በሕግ ከልክላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእግር ነው። ረጋጩ ልብሱን ሰብስቦ ገንዳው ውስጥ ይገባና ጨርቁን ለሰዓታት እያገላበጠ ይረግጠዋል። በእርጥበቱ፣ በሙቀቱና በርግጫው የሱፉ ጭረቶች እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ፤ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ይወፍራል፣ የድርና የማጉ መስመርም ይጠፋል። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ ሜዳ ላይ በተተከለ የእንጨት መወጠሪያ ላይ በመንጠቆ ተይዞ፣ የተፈለገውን ስፋት እስኪይዝ ድረስ ተወጥሮ ይደርቃል። ዎከር እንግዲህ ይህ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ እግሩ ቢሠራም የትም አይሄድም።

«ፉለር ወፍራም ሰው ነው፣ ታከር ደግሞ ልብስ ሰፊ»

ስለ ፉለር የሚባለው ከድምፅ መመሳሰል የመጣ ብቻ ነው፤ ከ«ሙሉ» ጋርም ሆነ ከሰውነት ውፍረት ጋር የሚያገናኘው የለም። ቃሉ ጨርቅ አጣቢን ከሚያመለክተው የላቲን ስም ወደ ጥንቱ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ የመጣው ዘመዱ አጠናክሮታል። የታከር ነገር ትንሽ ይለያል። በዛሬው እንግሊዝኛ ቃሉ ልብስ ማጠፍንና መሸብሸብን ስለሚያስታውስ ብዙዎች ስሙን ለልብስ ሰፊ ይሰጡታል፤ መነሻው ግን ማሠቃየት፣ መጎሳቆል የሚል ትርጉም ያለው ጥንታዊ ግስ ነው። ከላይ የተገለጸውን ርግጫና ውጠራ ላስተዋለ ሰው፣ ጨርቁ በእርግጥም የሚሠቃይ ነበርና ስሙ ያለ ቦታው አልገባም።

«ሦስት ስም ካለ ሦስት የተለያየ ሙያ ነበረ ማለት ነው»

ከሁሉም ይልቅ ሊታረም የሚገባው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ስሞቹ የያዙት ትልቁ መረጃ የሚጠፋው በእርሱ ምክንያት ነውና። ሙያው አንድ ሆኖ ሳለ መጠሪያው እንደየአካባቢው አነጋገር ይለያይ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ፣ በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍልና በስኮትላንድ ሰውየው ዎከር ሲባል፣ በደቡብ ምሥራቅና በምሥራቅ፣ ማለትም በሰሴክስ፣ በኬንት፣ በሰፎክና በኖርፎክ ፉለር ይባላል፤ በደቡብ ምዕራብ፣ በተለይም በዴቨንና በሰመርሴት፣ እንዲሁም በደቡብ ዌልስ ደግሞ ታከር ነው። የቤተሰብ ስም መተላለፍ በጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ አካባቢ በአፉ የነበረውን ቃል ለልጆቹ አወረሰ። ስለዚህ ስሙ የመጀመሪያው ባለቤት ምን ይሠራ እንደነበር ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹ በምን ዓይነት አነጋገር ይጠሩት እንደነበርም ይመሰክራል።

ቃላቱ ተወራራሽ መሆናቸውን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች ደስ የሚለው በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ጌታ በተራራው መልኩ በተለወጠ ጊዜ ልብሱ በምድር ላይ ያለ አጣቢ ሊያነጣው እስከማይችል ድረስ ነጭ እንደሆነ ይነገራል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጆን ዊክሊፍ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉሙ፣ የእኛው መጽሐፍ «አጣቢ» ያለውን በቀደመው ትርጉማቸው «ፉለር ወይም ጨርቅ ዎከር» ብለው ሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን አስቀመጡት። አንዱን ቃል ብቻ ቢጽፉ ግማሹ አንባቢ እንደማይገባው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በደቡብ ምዕራቡ በኩል ምስክሩ ሕንፃ ነው። በዴቨን ዋና ከተማ በኤክሰተር እስከ ዛሬ የቆመው የታከሮች አዳራሽ በ1471 የተሠራ ሲሆን፣ የሸማኔዎች፣ የጨርቅ ረጋጮችና የጨርቅ ሸላቾች ማኅበር መሰብሰቢያ ነበር። የማኅበሩ መደበኛ ስም ሙያውን ፉለር ብሎ ሲጠራ፣ ሕዝቡ ግን አዳራሹን በአገሩ ቃል የታከሮች አለው። በዌልስ ደግሞ የሙያው አሻራ በቦታ ስም ላይ ቀርቷል፤ በማዕድን ሠራተኞች ሁከት የምትታወቀው ቶኒፓንዲ ስሟ በዌልስኛ የጨርቅ መርገጫ ወፍጮ ያለበት መስክ ማለት ነው።

የእንግሊዝ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ በካርታ ሲቀመጥ ይህ ክፍፍል ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ጎልቶ ይታያል፦ ዎከር በዮርክሸርና በላንክሸር፣ ታከር በዴቨን፣ ፉለር በደቡብ ምሥራቅ ተከማችተው ነበር። ባቡርና ፋብሪካ ሕዝቡን ካንቀሳቀሱ በኋላ መስመሩ ደብዝዟል፤ ሎንደን ዛሬ ሦስቱም ሞልተውባታል። ሆኖም ዎከር በብሪታንያ ከ20ዎቹ እጅግ የተለመዱ የቤተሰብ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ ሁለቱ በጣም ርቀው ይከተሉታል።

«የመጀመሪያዎቹ ዎከሮች ሁሉ ጨርቅ በእግራቸው ረግጠዋል»

ስሙ የእግርን ሥራ ይናገራል፤ ታሪኩ ግን ስሙን ቀድሞት ሄዷል። የመቅደስ ፈረሰኞች የሚባለው ወታደራዊ የመነኮሳት ማኅበር በ1185 ባስመዘገበው የርስት ዝርዝር ውስጥ፣ በዮርክሸር በሊድስ አቅራቢያ በምትገኘው ቴምፕል ኒውሳም የጨርቅ መርገጫ ወፍጮ እንደነበረው ተጽፏል። በዚህ ወፍጮ የወንዝ ውሃ መንኮራኩር ያዞራል፣ መንኮራኩሩ ከባድ የእንጨት መዶሻዎችን እያነሳ ገንዳው ውስጥ ባለው ጨርቅ ላይ ይጥላል፤ የብዙ ሰው እግር የሚሠራውን አንድ ተቆጣጣሪ ይጨርሰዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወፍጮዎቹ ወንዝ ባለበት አገር ሁሉ ተስፋፉ። አብዛኛው ተራ ሰው የሙያ ስሙን ለልጁ ማውረስ የጀመረው ደግሞ በዚያው ዘመንና ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ስሙን ካወረሱት ዎከሮች ብዙዎቹ ወፍጮ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

የከተማ ረጋጮች ግን ነገሩን በዝምታ አልተቀበሉትም፤ ለንደን በ1298 ጨርቅ ከከተማዋ ውጭ በስትራትፎርድ ወዳሉት ወፍጮዎች መላኩን የሚገታ ደንብ አውጥታ ነበር። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች የሰው ጉልበት ከሁሉም በላይ ዘለቀ፤ በዚያ ሴቶች ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው በሽንት የተነከረውን ጨርቅ በዘፈን እየተቀባበሉ በእጃቸው ሲደበድቡ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቆይተዋል።

«ስሙን መንግሥት በአዋጅ ሰጠው፤ ስሙን የያዘም ሁሉ ሙያውን ይሠራ ነበር»

እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያዘዘ አዋጅ አልነበረም። ልማዱ ከኖርማኖች መምጣት በኋላ በባለርስቶች ተጀምሮ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየሰፋ፣ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ። ስምና ሙያ የተለያዩትም ብዙ ሳይቆዩ ነው። በ1379 በዮርክሸር ዌስት ራይዲንግ በተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ከብዙ ግብር ከፋዮች ስም አጠገብ ሙያቸው ተጽፏል፤ ስሙ አንድ ሙያ እየተናገረ ሰውየው ሌላ ሲሠራ የሚገኝባቸው መስመሮችም አሉበት። በ1413 የወጣ ሕግ ደግሞ በክስ ማመልከቻ ላይ የተከሳሹ ማዕረግ ወይም ሙያና የመኖሪያ ቦታው ከስሙ በተጨማሪ እንዲጻፍ አዘዘ። ስሙ ሙያውን የሚናገር ቢሆን ኖሮ ሕግ አውጪው በዚህ ባልደከመ ነበር።

«ዎከር የሚባሉ ሁሉ ከአንድ አባት የወረዱ ናቸው»

ጨርቅ የሚሠራበት አካባቢ ሁሉ የራሱ ረጋጭ ስለነበረው ስሙ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ለየብቻው ተወልዷል። በእንግሊዝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞሶም ከቤተሰብ ስም ጋር አነጻጽረው በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። እንደ አተንቦሮ ያለ ብርቅ ስም የያዙ ወንዶች አብዛኞቹ የጋራ ወንድ አያት እንዳላቸው ሲታይ፣ አንጥረኛ ማለት የሆነውን ስሚዝን የመሰለ እጅግ የተለመደ የሙያ ስም የያዙት ግን በዘፈቀደ ከተመረጡ ሰዎች የበለጠ ዝምድና አልተገኘባቸውም።

በዚህ ላይ ሁሉም ዎከር እንግሊዛዊ አይደለም። በስኮትላንድ ተራሮች በጌይሊክ ቋንቋ «የጨርቅ ረጋጩ ልጅ» ይባሉ የነበሩ ቤተሰቦች ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞሩ ዎከር ሆነዋል። ጀርመንኛ ተናጋሪዎችም ለዚሁ ሙያ ይህንኑ የሚመስል ቃል ስላላቸው፣ ከደቡብ ጀርመንና ከስዊዘርላንድ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ዎከሮች አሉ። በመድረክ የታወቀችው አሜሪካዊት ዘፋኝ ሶፊ ታከር ደግሞ ከሩሲያ ግዛት የመጣች አይሁዳዊት ነበረች፤ ከመጀመሪያ ባሏ ስም፣ ከታክ፣ አስረዝማ የመድረክ ስሟን አወጣች እንጂ ከዴቨን ጨርቅ ረጋጮች ጋር ምንም አያገናኛትም።

«ጥቁር አሜሪካዊ ዎከር ሁሉ ስሙን የያዘው ከመጨረሻው ባሪያ አሳዳሪ ነው»

በአሜሪካ የ2010 የሕዝብ ቆጠራ ዎከር 31ኛው የተለመደ የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ ከ520,000 በላይ ሰዎች ይዘውታል፤ ከእነርሱም ሲሶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ ከአሳዳሪ የመጣላቸው መኖራቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን ባርነት በ1865 ሲሻር ነፃ የወጡት ሰዎች ስም የያዙበት መንገድ ብዙ ነው፦ አንዳንዶቹ በቤተሰባቸው ውስጥ በምስጢር ሲጠሩበት የኖሩትን ይፋ አደረጉ፣ አንዳንዶቹ የአባታቸውን ወይም የቀድሞ አሳዳሪን ስም ያዙ፣ ሌሎችም የወደዱትን መረጡ። ጋብቻም አለ። በፀጉር ቅባት ንግድ ታላቅ ሀብት ያፈራችው ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በ1867 በሉዊዚያና ስትወለድ ሣራ ብሪድላቭ ነበረች፤ ዎከር የሆነችው በ1906 ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን ስታገባ ነው።

የታከር ስም ከዚህም ርቆ ይሄዳል። በ1625 በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት በተደረገው ቆጠራ፣ በሻምበል ዊልያም ታከር ቤት አንቶኒና ኢዛቤላ የተባሉ አፍሪካውያንና የተጠመቀ ልጃቸው ዊልያም ተመዝግበዋል። መዝገቡ ለልጁ የቤተሰብ ስም አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ በሃምፕተን ከተማ የሚኖሩ ታከር የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የእርሱ ዘር መሆናቸውን ትውልድ ለትውልድ ሲያወርሱ ኖረዋል።

«እያንዳንዱ የቤተሰብ ስም የራሱ የጋሻ ዓርማ አለው»

ይህ የስጦታ ዕቃ ሻጮች ወሬ ነው። በ1484 የተቋቋመው የእንግሊዝ የዓርማዎች ተቋም ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚወርሱትም በወንድ መስመር ከእርሱ መወለዳቸውን ማስረዳት የሚችሉ ብቻ ናቸው። ለዎከሮች፣ ለፉለሮች ወይም ለታከሮች ሁሉ በጅምላ የተሰጠ ዓርማ የለም። በሳህንና በቁልፍ መያዣ ላይ ታትሞ የሚሸጠው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወቅት ለአንድ የተወሰነ ዎከር የተፈቀደ የሌላ ሰው ዓርማ ነው።