ስንት ጊዜ መታሽ? በቅርብ አጋር የሚፈጸም ጥቃት በወንጀል ጥናት

አንድ ሰው በአሁኑ ወይም በቀድሞ የትዳር ወይም የፍቅር አጋሩ ላይ የሚያደርሰው በደል በጥናት ዓለም በቅርብ አጋር የሚፈጸም ጥቃት ይባላል። ጉዳዩ ዱላ ብቻ አይደለም። አስገድዶ መድፈር፣ ዛቻ፣ እግር በእግር መከታተል፣ ገንዘብ መከልከል፣ ከዘመድ ወዳጅ መነጠል ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑና አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 27 በመቶ ያህሉ ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ወንዶችም ይጠቃሉ። ግድያው ላይ ሲደረስ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ አገሮች ዳሰሳ፣ ከተገደሉ ሴቶች 38.6 በመቶ ያህሉን የገደላቸው አጋራቸው መሆኑን ገምቷል። ለወንዶች ቁጥሩ 6.3 በመቶ ነው።

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የባልና ሚስት ገመና ተብሎ ታልፏል። ፖሊስም ተመራማሪም ደጁ ላይ ሲደርስ ዞር ይል ነበር። እንግሊዝ ውስጥ እንኳ ባል ሚስቱን ቢደፍር እንደሚጠየቅ የአገሪቱ ከፍተኛ ችሎት የወሰነው በ1991 ነው።

የተጎጂዎች ጥናት የተባለው ዘርፍ ሲጀመርም አካሄዱ ጥሩ አልነበረም። በ1940ዎቹ እነ ሐንስ ፎን ሄንቲግ ያነሱት ጥያቄ፣ ተጎጂው ለወንጀሉ ምን አስተዋጽኦ አደረገ የሚል ነበር። ማርቪን ዎልፍጋንግ በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ አሜሪካ ፊላዴልፊያ ውስጥ የተፈጸሙ 588 ግድያዎችን መርምሮ፣ በ26 በመቶው መጀመሪያ እጁን ያነሳው ሟቹ እንደነበር ጻፈ። ግኝቱ ስለ ግድያ ነበር። አስተሳሰቡ ግን ወደ ሌሎች ጥቃቶችም ተዛመተ፤ ተመራማሪውም ተበዳዩን መመርመር ለመደ። ከዚያ «ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ሌኖር ዎከር በ1979 ውጥረት፣ ፍንዳታና ይቅርታ እየተፈራረቁ የሚመላለሱበትን ዑደት ስትገልጽ ብዙ ሴቶች ራሳቸውን አገኙበት። ተደጋግማ የተደበደበች ሴት ተስፋ መቁረጥን ትለምዳለች ማለቷ ግን ብዙ ተተችቷል። ኤድዋርድ ጎንዶልፍና ኤለን ፊሸር በ1988 መጠለያ የገቡ ሴቶችን መረጃ ሲያዩ፣ ብዙዎቹ እርዳታ ፍለጋ ያልረገጡት በር እንዳልነበር አሳዩ። መልስ ያጡት እርዳታ ከጠየቁት ወገን ነው።

በዘርፉ ውስጥ የከረመው ትልቁ ክርክር የቆጠራ ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት መሬይ ስትራውስ በ1975 ከ2,143 ቤተሰቦች መረጃ ሰበሰበ። መጠይቁ ባለፈው ዓመት አጋርህን ገፍተሃል? በጥፊ መትተሃል? ዕቃ ወርውረሃል? እያለ ድርጊቶችን አንድ በአንድ ይጠይቃል። ውጤቱ ሴቶችም ወንዶችም በተቀራራቢ መጠን እንደሚማቱ የሚያሳይ ሆነና ጭቅጭቁ ተነሳ። ረቤካና ራስል ዶባሽ የሰጡት ትችት ቀላልና ከባድ ነው። ራሷን ለማስጣል የገፋችና ጥርስ ለማርገፍ የገፋ እንዴት እኩል ይቆጠራሉ? ማን ፈራ? ማን ሆስፒታል ገባ?

ክርክሩን ትርጉም ያለው መልክ ያስያዘው በእኔ እይታ የማይክል ጆንሰን የ1995 ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው አለ። አንደኛው ጠብ ሲካረር የሚነሳ ዱላ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ሊመጣ ይችላል። ሌላኛው አንዱ ሌላውን ለመግዛት ሲል የሚዘረጋው ሽብር ነው፤ ይህን በአብዛኛው የሚያደርጉት ወንዶች ናቸው። ቤት ለቤት የሚደረግ አጠቃላይ መጠይቅ የሚይዘው ባብዛኛው የመጀመሪያውን ነው። መጠለያ፣ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል የሚደርሰው ደግሞ ሁለተኛው። አሸባሪ ባል ያላት ሴት ለማታውቀው ጠያቂ በሯን ከፍታ አትዘረዝርም፤ እሱም አይነግርም።

ስለዚህ አጠያየቁ ራሱ ሳይንስ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ከ24,000 በላይ ሴቶችን ያነጋገረበት የ2005 ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች። ለአካባቢው ሰው ጥናቱ ስለ ሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ ነው ይባላል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይኖርም፤ ነፍስ ያወቀ ልጅም ቢሆን። ባል ድንገት ከገባ ጠያቂዋ ወዲያው ሌላ፣ ምንም የማያስጠረጥር ጥያቄ ታነሳለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተጠየቀችው ሴት በመልሷ ምክንያት ማታ እንዳትደበደብ ነው። «ጥቃት ደርሶብሻል?» ብሎ በጅምላ መጠየቅም አይሠራም። ብዙ ሴት የደረሰባትን በዚያ ስም አትጠራውም። «በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? አንቆሽ ያውቃል?» ሲባል ግን ታስታውሳለች። ለአካላዊና ለወሲባዊ ጥቃት የተገኘው መልስ እንደየቦታው ከ15 እስከ 71 በመቶ ተለያየ። ክፋቱ ተፈጥሯዊና የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይራራቅም ነበር።

መልሱ ከተገኘ በኋላም ቁጥር ሊደብቅ ይችላል። የእንግሊዝና ዌልስ የወንጀል ዳሰሳ ለዓመታት በአንድ ሰው ላይ በተደጋጋሚ የደረሰ ተመሳሳይ ወንጀል ከ5 በላይ ከሆነ 5 ብሎ ይቆርጠው ነበር። ዓላማው ግምቱ ከዓመት ዓመት እንዳይዋዥቅ ነው። ሲልቪያ ዎልቢና ባልደረቦቿ የተቆረጠው ማን እንደሆነ አሳዩ። በየሳምንቱ የምትደበደበው ሴት 5 ጊዜ ብቻ ተመታች ተብላ ተመዘገበች። ከዚህ ትችት በኋላ ቆጠራው ተሻሽሏል።

ኢቫን ስታርክ በ2007 ነገሩን ከዚህም ወዲያ ወሰደው። ስልኳን መፈተሽ፣ የታክሲ ሳንቲም ሳይቀር ማስቆጠር፣ ምን እንደምትለብስ መወሰን፣ ከእናቷ ማቆራረጥ ተደምረው ነፃነትን የሚነጥቁ ወንጀል ናቸው አለ። ዱላ ሳይኖርም። እንግሊዝና ዌልስ በ2015 ይህን አስገዳጅ ቁጥጥር እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረጉት።

ሕይወት አድን የሆነው ምርምር ደግሞ የአደጋ ምልክቶችን የለየው ነው። ነርሷ ዣክሊን ካምቤል በ1980ዎቹ ያዘጋጀችው መመዘኛ ዛሬም ይሠራበታል። በ2003 በ11 የአሜሪካ ከተሞች የተደረገው ጥናቷ፣ በዳዩ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ካገኘ የመገደል አደጋው 5 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳየ። ማነቅም እንዲሁ ነው። በኋላ የወጣ ትንተና፣ ቀድሞ በአጋሯ ታንቃ የምታውቅ ሴት ላይ የመገደል አደጋው ከ7 እጥፍ በላይ መሆኑን አገኘ። አንገት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማይቀር ፖሊስ ቀለል አድርጎ የሚያልፈው ድርጊት ነው። ተቆጣጣሪ ባልን ጥሎ መውጣትም አደጋውን ያንረዋል። «ለምን ጥላው አትሄድም?» ለሚለው ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። እሷ ታውቀዋለች፤ ቢያንስ እስክትዘጋጅ መቆየቷ የማመዛዘን ውጤት ሊሆን ይችላል።

ማሰር ይጠቅማል ወይ? ሎውረንስ ሸርማንና ሪቻርድ በርክ በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ አድርገው በ1984 ያሳተሙት ሙከራ ይጠቅማል አለ። በፖሊስ መዝገብ፣ ከታሰሩት መካከል 10 በመቶ ያህሉ ጥቃቱን ሲደግሙ፣ ለሰዓታት ብቻ ከቤት እንዲርቁ ከተደረጉት 24 በመቶው ደገሙ። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግኝቱን ይዘው ማሰርን ግዴታ አደረጉ። ሙከራው በሌሎች ከተሞች ሲደገም ግን ውጤቱ ተደበላለቀ። ሚልዎኪ ላይ ሥራ አጥ የሆኑት ታስረው ሲወጡ ባሰባቸው። አንድ ሙከራ ይዞ ሕግ መጻፍ እንደማያዋጣ ዘርፉ የተማረው በሰው ሕይወት ነው።

ቀድሞ ስለመከላከል ያለው ማስረጃ ገና ወጣት ነው፤ የሚያበረታታ ግን አለ። ደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ውስጥ በ8 መንደሮች የተሞከረ ፕሮግራም ለሴቶች አነስተኛ ብድር ከሥርዓተ ፆታ ሥልጠና ጋር ሰጠ። በ2006 የታተመው ውጤት፣ ባለፈው ዓመት የደረሰ የአጋር ጥቃት በ55 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ካምፓላ ላይ የተሞከረው ሳሳ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ብድር አልሰጠም። የሠፈሩን ሰው፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ጥቃት አነጋገረ። ፕሮግራሙ በገባባቸው ሠፈሮች ባለፈው ዓመት የደረሰ አካላዊ ጥቃት ካልገባባቸው በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሠፈሮቹ ጥቂት ስለነበሩ ስታቲስቲክሱ በራሱ እርግጠኛ አያደርግም። ዘዴው ግን በሌሎች አገሮችም ተወስዶ እየተሠራበት ነው።