አናርኪ ምንድን ነው? ትርምስ አይደለም

ሰሞኑን ደሴ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ተንታኝ «ዓለም ወደ አናርኪ እየገባች ነው» አለ። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ባለፈው ወር አንድ የማስተርስ ተማሪዬም በጥናት ንድፉ ላይ ይህንኑ ጽፎልኝ በቀይ አስምሬበት ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ሞላብኝ።

ወንድሜ፣ ዓለም ወደ አናርኪ አትገባም። መቼ ወጣችና?

ግማሹ ጥፋት የትርጉም ነው። «ሥርዓት አልባነት» ብለን ተረጎምነውና ሰው ሁሉ ሲሰማው ዝርፊያና ጥይት ይታየዋል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «አርኮስ» አለቃ፣ ገዢ ማለት ነው፣ ፊቱ ያለችው «አን» ደግሞ «የለም» ትላለች። አለቃ የለም፤ በቃ። ሥርዓት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። እኔ ብጠየቅ «አለቃ አልባነት» እለው ነበር፣ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

የዓለም አቀፍ ግንኙነት ምሁሩ ኬኔት ዋልትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንን የንድፈ ሐሳቡ ምሰሶ ሲያደርገው ዓለም እየታመሰች ነው ማለቱ አልነበረም። ከመንግሥታት በላይ ሆኖ እምቢ ያለውን የሚያስገድድ መንግሥት የለም ማለቱ ነው። ሰላም በሆነ ቀንም አናርኪ ነው።

የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ ኦሮሞውም አርጎባውም አለ። እንበልና ፖሊሱም ማዘጋጃ ቤቱም ጠፋ። (አውቃለሁ፣ ባቲ ፖሊስ አላት፤ ምሳሌ ነው።) ገበያው ይበተናል? አይበተንም። ግመል ተራው እዚያው ነው፣ ደላላው ይደልላል፣ ያጭበረበረ ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ገዢ አያገኝም፣ ሰው ሲጣላም አበጋር፣ የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ይጠራል። አበጋር ግን ያስታርቃል እንጂ አያስርም። አሁን አንዱ ለጥንቃቄ ብሎ ጊሌውን፣ ያንን የአፋር ጩቤ፣ ታጥቆ ቢመጣ፣ ጎረቤቱ «ይሄ ለእኔ ነው» ብሎ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፣ ያንን ያየውም እንዲሁ፣ በሦስተኛው ሰኞ አንድም ሰው ጠብ ሳይፈልግ ገበያው በሙሉ ታጥቋል። ሌላው የዘርፉ ምሁር ጆን ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1950 የደኅንነት አጣብቂኝ ያለው ይህንን ነው። ምሳሌዬ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው፦ ነጋዴ ገበያው ካስፈራው ቤቱ ይቀራል፣ አገር ግን ከጎረቤቷ የትም አትሄድም።

«የተባበሩት መንግሥታት አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፣ አበጋሩ እሱ ነው። የቻርተሩ 2ኛ አንቀጽ ራሱ የሚነሳው ከአባላት የሉዓላዊነት እኩልነት ነው፤ አለቃ ነኝ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1986 አገሮችን የሚዳኘው የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ለኒካራጓ ሲፈርድ ተፈራጇ አሜሪካ ነበረች፤ ኒካራጓ ፍርዱ ይፈጸምልኝ ብላ ጸጥታው ምክር ቤት ስትሄድ እዚያም ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ይዛ የጠበቀቻት አሜሪካ ናት።

ለእኛ ለደሴ ሰዎች ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሡ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ይህ ሲሆን ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር (የተባበሩት መንግሥታት ቀዳሚ) አባል ነበረች፣ ማኅበሩም ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ማዕቀቡን ከጀመረ ገና 18 ቀኑ ነው። ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም። የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር፤ የጣሊያን መርከቦች እንደማንኛውም መርከብ ቀረጣቸውን ከፍለው አለፉ። ተንታኙ ይህንን ቢያስብልኝ ደስ ይለኛል። ትርምስ የት አለ? ደረሰኝ ሳይቀር ነበር! ያልነበረው ጣሊያንን እጇን የሚይዝ አለቃ ነው።

የአገር ውስጡን ነገርም ከዚህ ጋር አትደባልቁት። ሶማሊያ ውስጥ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ፈረሰ፤ ያ የነበረ አለቃ መጥፋት ነው። በአገሮች መካከል ግን የጠፋ የለም፣ ቀድሞም አልነበረም።

እርግጥ በእኛው ሙያ ውስጥም ሁሉም አይስማማም፣ ይህንን ካልጨመርኩ ባልደረቦቼ አይምሩኝም። ምሁሩ አሌክሳንደር ዌንት አናርኪ በራሱ ማንንም ጠላት አያደርግም፣ አገሮች እርስ በርስ በሚተያዩበት ዓይን ይወሰናል ይላል። ሌሎች ደግሞ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እያዘዙ ምን አለቃ የለም ትሉናላችሁ ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ግን አንዳቸውም ትርምስ ማለት ነው አላሉም።

ያ ተማሪዬ «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብሎ ቢሮ መጣ። አብሽር፣ አልኩት፤ ማለት የፈለግከው «ሕግ የሚያከብር ቀነሰ» ከሆነ እንደዚያው በል፣ «ታላላቆቹ ተቃቃሩ» ከሆነም እንደዚያው በል። «እሺ መምህር» ብሎ ሄደ። ማታ አስተካክሎ ላከልኝ፤ ውስጡን በሙሉ ቀይሮታል። ርዕሱ ላይ ግን «ሥርዓት አልባነት» አሁንም በደማቁ ተጽፏል።