የቱርካና ጄት ምንድን ነው?

ተራራ በአየር ንብረት ላይ ስላለው ተጽዕኖ ሲነሣ በአብዛኛው የሚነገረው እርጥብ ነፋስን ወደ ላይ ገፍቶ ማዝነቡ፣ ከበስተጀርባውም ደረቅ ቆላ መተዉ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሁለት ተራራማ አካባቢዎች መካከል ያለው ክፍተትም የራሱ ሥራ አለው፤ በአንዳንድ ስፍራ እንዲያውም የአገሩን ዝናብ የሚወስነው ከተራራው ይልቅ ክፍተቱ ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ጥሩ ማሳያ የቱርካና ጄት ነው።

የቱርካና ጄት ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ መጥቶ በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ባለው ዝቅተኛ መሬት በኩል ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያልፍ ፈጣን ነፋስ ነው። ኪኑቲያና አስናኒ የተባሉ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጽሑፍ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁት። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ከሚነፍሰው ጄት የተለየ ሲሆን፣ ኃይሉ የሚበረታው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነው። በክረምት ወራት የምድር ወገብን ተሻግሮ ወደ ሕንድ ከሚያመራው የሶማሊያ ጄት የሚለየው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ በመንፈሱ ነው።

ነፋሱ የሚፈጥነው፣ ሰፊ ወንዝ ጠባብ ገደል ውስጥ ሲገባ እንደሚፈጥነው ሁሉ፣ በሁለቱ ደጋዎች መካከል ስለሚጠብ ነው። በቀን የጋለው መሬት አየሩን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያማስለው ጄቱ ይዳከማል፤ ሌሊት ግን መሬቱ ሲበርድ ይህ መማሰል ስለሚቀንስና የመሬቱ ሰበቃ ወደ ላይ ስለማይደርስ ነፋሱ ይበረታል፤ ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሊነፍስ ይችላል። ከቱርካና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ የተተከሉት 365 የነፋስ ተርባይኖች፣ በድምሩ 310 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ እዚያ የቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ድርቀቱ ነው። ከውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ የሚያልፍበት፣ ለዚያውም ለምድር ወገብ የቀረበ አገር፣ እንዴት በረሃ ይሆናል? አንደኛ፣ እርጥበቱ ሳይዘንብ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኮንጎ ተፋሰስ ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ነፋሱ እየፈጠነ በሚሄድበት ስፍራ ከፊት የሚወጣው አየር ከኋላ ከሚገባው ስለሚበልጥ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ከላይ ያለው አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ደግሞ እየሞቀና እየደረቀ ስለሚመጣ ደመና እንዳያድግ ያፍናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህንኑ በሰፊው መርምሮ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሸለቆዎች ባይኖሩ ኖሮ አካባቢው የበለጠ ዝናብ ያገኝ፣ የኮንጎ ተፋሰስ ደግሞ ዝናቡ ይቀንስ እንደነበር በኮምፒውተር ሞዴል አሳይቷል።

የቱርካና ሐይቅ በዚህ ሁሉ ድርቀት መካከል ያልጠፋው ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የኦሞ ወንዝ ስለሚያመጣለት ነው። ኦሞ የሚሞላው በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ በሚጥለው ዝናብ ነው፤ ስለዚህ እነዚያው ተራሮች በአንድ በኩል ነፋሱን አጥብበው ቆላውን ሲያደርቁ፣ በሌላ በኩል ደመናውን ወደ ላይ ገፍተው በማዝነብ ለቆላው ሐይቅ ውኃ ይልካሉ።

ይህ ለትንበያ ባለሙያዎች ከባድ ፈተና ነው። የዓለምን አየር ንብረት የሚያሰሉ ሞዴሎች ምድርን በትላልቅ ካሬዎች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ አንድ አማካይ ከፍታ ስለሚሰጡ፣ ተራራው ዝቅ፣ ሸለቆውም ከፍ ይላል፤ ጄቱም ከእውነተኛው ይልቅ ደካማ ሆኖ ይታያል። በእነዚህ ሞዴሎች ውስጥ ወደ ምዕራብ መሻገር የነበረበት እርጥበት በምሥራቅ አፍሪካ ስለሚቀር፣ ዝናቡ ከእውነተኛው በላይ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ በምትገኘው ማርሳቢት ላይ በፊኛ የተንጠለጠሉ መሣሪያዎችን እየለቀቁ የጄቱን ፍጥነት የለኩት፣ ሞዴሎቹ የሚስቱበትን መጠን በቦታው ተገኝተው ለማወቅ ነበር።