የድምፅ መጽሐፍ፦ ከሬዲዮ ትረካ እስከ ስልክ መተግበሪያ

የድምፅ መጽሐፍ ለመደመጥ ተነቦ የተቀረጸ መጽሐፍ ነው። በእኛ ዘንድ የቆየው ስሙ ትረካ ነው፤ ያሳደገውም ገበያ ሳይሆን ሬዲዮ ነው። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅቱ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያሰማ፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ጉዱ ካሣን በድምፁ ለየው። ዛሬም ልብ ወለዱን ሲያነብ የወጋየሁ ድምፅ ጆሮው ላይ የሚመጣበት ሰው ጥቂት አይደለም።

በአሜሪካ ግን መነሻው ዓይነ ስውራን ናቸው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1934 በሸክላ የተቀረጹ መጻሕፍትን ያውሳቸው ጀመር። የሸክላው አንድ ገጽ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚይዝ አንድ ልብ ወለድ የሸክላ ቁልል ነበር። ካሴትና ሲዲ ያንን አቀለሉት።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥሩ ማይክራፎን፣ አንድ ተራኪ። ብዙ ተዋንያን ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው የሚያነቡት፣ ሙዚቃና የድምፅ ማጀቢያ የሚገባበትም አለ፤ ማጀቢያው ሲበዛ ግን ታሪኩን ይውጠዋል። የአማርኛ ተራኪ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ዋና»ም ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ። ስለዚህ ተራኪው ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሞ ካላየው መሰናከሉ አይቀርም፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ንባብም የሚጋለጠው እዚሁ ላይ ነው።

ሽያጩ መልከ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ በ2008 በአማዞን የተገዛው ኦዲብል በወርሃዊ ክፍያ መጽሐፍ ያስመርጣል፤ ኤሲኤክስ በተባለው አገልግሎቱ ደግሞ ተራኪው በቅድሚያ በመከፈል ፈንታ ከደራሲው ጋር ገቢ ሊካፈል ይችላል። ሊብሪቮክስ ግን የቅጅ መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በበጎ ፈቃደኞች እያስነበበ በነፃ ይለቃል።

አማርኛ ትረካ በብዛት የሚገኘው በዩቲዩብና በቴሌግራም ነው፤ የሚያስከፍሉ መተግበሪያዎችም አሉ። የአማርኛ መጻሕፍት መደብር በሌለበት ከተማ ለሚኖር ስደተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ ከሬዲዮ በነፃ ያደመጠ ጆሮ ለመክፈል ያመነታል፤ ሳያስፈቅድ የሚተርክም ሞልቷል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ለደራሲው የቅጅ መብት፣ ለከዋኙ (እዚህ ላይ ለተራኪው) ደግሞ በአቀራረቡ ላይ ተዛማጅ መብት ይሰጣል፤ መጽሐፉን ከሱቅ መግዛት ለመተረክ ፈቃድ አይሆንም።