የእሳት ማቀጣጠያ ምንድን ነው? በክረምትስ የሚያዋጣው የትኛው ነው?

የእሳት ማቀጣጠያ የሚባለው ከክብሪት ነበልባል ተቀብሎ ጭራሮው እስኪያያዝ ድረስ ሳይጠፋ የሚነድ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚያዝ ነገር ነው። በበጋ ደረቅ ሣርና የባሕር ዛፍ ቅርፊት ይህን ሥራ ስለሚሠሩ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በክረምት ግን ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ የሚያገኘው ሣርም ጭራሮም ውሃ የጠጣ ስለሆነ፣ ማቀጣጠያ ካልያዘ ክብሪቱን ጨርሶ በብርድ ሊያድር ይችላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንጨት የሚነደው ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ሲቀጣጠል ነው። እርጥብ እንጨት ግን ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ ብዙም ከፍ አይልም፤ ውሃን ማትነን ደግሞ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ከማሞቅ ከ5 እጥፍ በላይ ሙቀት ይወስዳል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚነድ ክብሪት ይህን ያህል ሙቀት ከየት ያመጣል? ስለዚህ የጥሩ ማቀጣጠያ ዋጋ የሚለካው በነበልባሉ ትልቅነት ሳይሆን በሚቆይበት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ጭራሮውን ያደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ያያይዘዋል።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚሻለው ቫዝሊን በደንብ የተቀባ ጥጥ ነው። ጥጥ ብቻውን ቦግ ብሎ ወዲያው ያልቃል፤ ቫዝሊን ብቻውንም በክብሪት አይያያዝም። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጥጡ ክር ሆኖ ቀልጦ የሚወጣውን ቫዝሊን እየሳበ ለበርካታ ደቂቃዎች ይነዳል። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚበራው ጧፍም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የጥጥ ክርና ሰም ነውና ቁራጩን በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ በቂ ነው። ሰም ውሃ ስለማያስገባ በዝናብ ቢነካም ጠረግ ተደርጎ ይለኮሳል። ላምባ በእርጥብ ግንድ ላይ ማፍሰስ ግን ብዙ ጊዜ ብክነት ነው፤ ላዩን ነዶ ይጠፋል፣ በሚነድ እሳት ላይ ሲጨመር ደግሞ ሰው ያቃጥላል።

ማቀጣጠያው የሚለኮስበትም ነገር መጠበቅ አለበት። ክብሪት ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ላይተር፣ በተለይ ከደባርቅ በላይ ባለው ብርድ፣ ጋዙ በደንብ ስለማይተን በደረት ኪስ ሞቆ ቢያዝ ይመረጣል።

ሲነድ እርጥቡ መሬት እሳቱን እንዳያፍነው ከሥር ፍልጥ ወይም ድንጋይ ይነጠፍ። ማቀጣጠያው መካከል ላይ ሆኖ፣ በላዩ ከስንደዶ የማይወፍር ጭራሮ አየር እንዲያስገባ ሳሳ ተደርጎ ይደረደር። ወፍራም እንጨት ቢሆን በመጥረቢያ ተፈልጦ የውስጡ ይወሰድ፤ ቆሞ የደረቀ ግንድ ላዩ ቢረጥብም ልቡ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ዛፍ መቁረጥ ስለማይፈቀድ ግን ማገዶው ከከተማ ተገዝቶ መጫን ይኖርበታል። ነበልባሉ ሳይጸና እፍ ማለት አያስፈልግም፤ ትልቁን ፍልጥ ቶሎ መጫንም ያፍነዋል። እሳቱ ከጸና በኋላ ቀጣዩ ማገዶ በዙሪያው ተደርድሮ ተራውን እየጠበቀ ይደርቅ። ዝናቡ ቢበረታ እንኳ እሳቱን ወይም ፍሙን ወደ ድንኳን ማስገባት አይገባም፤ የማይሸተው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።