ጂፒኤስ ያዳምጣል እንጂ አይጣራም፦ ባሕር ላይ ለሚጠፉ ጠላቂዎች ስለተሠሩ መሣሪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅቡቲ ተነሥተን፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ ወደሚገኙት ሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ጠላቂዎችን ይዘን በሄድን ቁጥር፣ ከመጥለቁ በፊት በሚሰጠው ገለጻ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ጠላቂዎች ከረንት የምንለው የውኃ ፍሰት ከቡድኑ ነጥሎ ቢወስዳችሁና ከጀልባው ርቃችሁ ብትወጡ፣ የት እንዳላችሁ በምን ታሳውቃላችሁ? የማገኘው መልስ ለዓመታት አልተለወጠም፤ «ጂፒኤስ አለኝ» ይሉኛል። አንዱ የእጅ ሰዓቱን፣ ሌላው ስልኩን፣ ሌላዋ ደግሞ አሜሪካ ያለ ወንድሟ የላከላትን ቢጫ መሣሪያ ታሳየኛለች። ጠላቂ ከመሆኔ በፊት በንግድ መርከብ ላይ መኮንን ሆኜ የሬዲዮ ጥበቃ ተረኛ እሆን ስለነበር፣ የጭንቅ ጥሪ በሌላው ጫፍ እንዴት እንደሚሰማ፣ አንዳንዴም እንዴት ሳይሰማ እንደሚቀር አውቀዋለሁ። መልሱ የሚያስጨንቀኝ ከዚህ የተነሣ ነው።

ባሕር ላይ መቅረት በእውነት የሚደርስ ነገር ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ከውኃ ሳይወጡ ጀልባቸው ጥሏቸው ሄደ፤ መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ሲሆን፣ በሕይወት አልተገኙም። በ2008 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ኮሞዶ አጠገብ አምስት አውሮፓውያን በፍሰቱ ተወስደው ከብዙ ሰዓት በኋላ ሪንጃ ደሴት ላይ ወጡ፤ እነርሱ ተርፈዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባሊ አጠገብ ከጠፉት ሰባት ጃፓናውያን ሴቶች ሁለቱ ሞተዋል።

«ጂፒኤስ ስላለኝ የት እንዳለሁ ያውቃሉ»

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ሳያቋርጡ ያሰራጫሉ። በእጃችን ያለው መሣሪያ ቢያንስ ከአራቱ የደረሰውን ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ሥራው በዚህ ያበቃል፤ ወደ ሳተላይቱ የሚመልሰው አንዳች ነገር የለም። ሳተላይቱ እናንተ መኖራችሁን አያውቅም፤ ሬዲዮ ጣቢያ ማን ቤቱ ተቀምጦ እንደሚያዳምጠው እንደማያውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ማዕበል መሐል ሆኖ ሰዓቱን የሚመለከት ጠላቂ፣ የጠፋበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ያውቃል፤ ከእርሱ በቀር ግን ማንም አያውቅም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዲስ አበባ ላይ ራይድ ስንጠራ ሾፌሩ የቆምንበት በር ድረስ ይመጣል፤ ለጓደኛችንም ያለንበትን ቦታ በቴሌግራም ልከን «ና» እንለዋለን። ይህን ሁሉ የሠራው ጂፒኤስ ይመስለናል። ጂፒኤስ ግን ቦታውን ለስልካችን ነገረው እንጂ ለሾፌሩ ያደረሰው የስልክ ኔትወርኩ ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ርቀን ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ ስልኩ ቦታውን እያወቀ ለማንም መናገር የማይችል ዕቃ ይሆናል።

ቁም ነገሩ ጥሪው እንጂ ጂፒኤሱ አለመሆኑን የሚያሳይ ታሪክም አለ። ሶቪየት ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ፈረንሳይ ያቋቋሙት ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው የሳተላይት ነፍስ አድን ሥርዓት በመስከረም 1982 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የወደቀ አውሮፕላን ተሳፋሪዎችን አትርፏል። ጂፒኤስ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ የተባለው ግን በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መሣሪያዎቹ ያሉበትን ቦታ ሳያውቁ ይጮኹ ነበር፤ ሳተላይቱም በሚያልፍበት ጊዜ የጥሪው የሬዲዮ ሞገድ እንዴት እንደሚለዋወጥ ተመልክቶ ቦታቸውን እንደ መሣሪያው ዓይነት ከአምስት እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ልዩነት ያገኝ ነበር።

እንግዲህ «ጂፒኤስ አለው ወይ?» ከማለት ይልቅ «በምን ይጣራል? ማንስ ይሰማዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለጠላቂ የሚሸጡት መሣሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በአካባቢው ያሉ መርከቦችን የሚጠሩ ናቸው። ኤአይኤስ በተባለው የመርከቦች መለያ ሥርዓት አማካይነት ቦታችሁን ወደ መርከቦች ስክሪን ይልካሉ፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥራችሁም በ972 ይጀምራል። ብዙዎቹ በተጨማሪ ዲኤስሲ በሚባለው ዘዴ፣ መርከቦች በቅርብ ርቀት በሚነጋገሩበት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ቻናል 70 ላይ የማንቂያ ጥሪ ያሰማሉ። ጠላቂዎች በብዛት የሚይዙት ኖቲለስ ላይፍላይን ከእነዚህ ወገን ነው። ሁለተኛዎቹ ፒኤልቢ የሚባሉት፣ ሰው በግሉ የሚይዛቸው የጭንቅ ጥሪ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ኮስፓስ ሳርሳት ሳተላይቶች ይጣራሉ፤ ጥሪውም በምድር ጣቢያ በኩል ወደ ነፍስ አድን ማዕከል ይሄዳል። የፊተኛው ጎረቤትን፣ የኋለኛው መንግሥትን እንደመጥራት ነው። ጎረቤት ካለ ቶሎ ይደርሳል፤ መንግሥት ከየትም ይሰማል፣ መርከብ ወይም ሄሊኮፕተር እስኪልክ ግን ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ።

የገጠመኝን ልንገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብረውኝ የወረዱ ሁለት ጠላቂዎች በፍሰቱ ተነጥለው ከጀልባው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ወጡ። ኤአይኤስ መሣሪያ ነበራቸው፤ እንደተማሩት ክዳኑን ከፍተው፣ የተጠቀለለውን አንቴና ዘርግተው ቁልፉን ተጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር «አገኙን» ብለው ተቃቀፉ፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እነርሱን ፍለጋ የወጣችው ትንሿ የሞተር ጀልባ ግን የኤአይኤስ መቀበያ አልነበራትም። ዋናው ጀልባ መቀበያ ነበረው፤ ሆኖም ስክሪኑ ጥልቀት መለኪያው ገጽ ላይ ተትቶ ነበር፤ የማንቂያው ድምፅም «ይረብሻል» ተብሎ ከተዘጋ ወራት አልፈውታል። እኔ ራሴ ወደ መሪው ክፍል ገብቼ ገጹን ስቀይር፣ በ972 የሚጀምረው ምልክት ለሃምሳ ደቂቃ ያህል ሲጮኽበት የቆየውን ቦታ አየሁ። ከዚያ በኋላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረስንላቸው። አንደኛው አንቴናውን ከውኃ በላይ ለመያዝ ክንዱን ሲያፈራርቅ ቆይቶ፣ ስንደርስ እጁን ማጠፍ አቅቶት ነበር።

መብራቱ የሚናገረው መሣሪያው እየላከ መሆኑን ብቻ ነው። ሰሚ መኖሩን አይናገርም። ከዚህ በተለየ ሁኔታ የሚሠሩት ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋሊሊዮ በሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በኩል መልስ የሚቀበሉ አዳዲስ ፒኤልቢዎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የሚያረጋግጡት ጥሪው ሥርዓቱ ዘንድ መድረሱን እንጂ ጀልባ መነሣቱን አይደለም።

የዲኤስሲው ጥሪም ሌላ ወጥመድ አለበት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መጀመሪያ የሚጠሩት ቀድሞ የተመዘገበላቸውን ጀልባ ብቻ ነው። የጀልባውን ባለ ዘጠኝ አኃዝ የሬዲዮ መለያ ቁጥር ካላስገባችሁ፣ ወይም ባለፈው ዓመት ማልዲቭስ የተሳፈራችሁበት ጀልባ ቁጥር እንዳለ ከቀረ፣ አጠገባችሁ ያለው ሬዲዮ ዝም ይላል።

«በዚህ መሥመር መርከብ አይጠፋም፤ አንዱ ያየኛል»

300 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ መርከቦች ኤአይኤስ መያዝ ግዴታቸው መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በቪኤችኤፍ የሚላክ ምልክት አድማስን አያልፍም። ከውኃው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ አንቴና፣ ዘጠኝ ሜትር ላይ ከተሰቀለ አንቴና ጋር በስሌት ቢበዛ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይገናኛል፤ ማዕበል ሲኖር ከሰባት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ብትጠብቁ ይበቃችኋል። በባብ ኤል መንደብ ደግሞ ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድን መርጠዋል፤ በመሥመሩ ካለፉትም ኤአይኤሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። በአላፊ መርከብ ተስፋ አድርጋችሁ አትጥለቁ።

«ውኃ አያስገባም ይላል፤ ስለዚህ ይዤው እጠልቃለሁ»

ይህን ከምትገምቱት በላይ እሰማለሁ። በአንዳንድ ስልኮችና ፒኤልቢዎች ላይ የሚጻፈው አይፒ ኤክስ 7 የሚለው ምልክት፣ ዕቃው በአንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለሠላሳ ደቂቃ መቆየቱን እንጂ ከዚያ በላይ አይናገርም። ሠላሳ ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውኃ በላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። አብዛኞቹ ፒኤልቢዎች የተሠሩት ለመርከበኛና ለተራራ ወጪ ነው፤ ጠላቂ የሚይዛቸው ለጥልቀት በተሠራ ጠንካራ መያዣ ውስጥ አድርጎ ነው። የመያዣው የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር ከቀረች ውኃ ይገባል። ለጠላቂ ታስበው የተሠሩት ክዳናቸው እስከተዘጋ ድረስ ጥልቀትን ይችላሉ፤ ኖቲለስ ላይፍላይን እስከ 130 ሜትር ተብሏል።

«ውኃ ውስጥ ሆኜ ብጫነውስ?» ለሚሉ፦ የእነዚህ ሬዲዮዎች ሞገድ የጨው ውኃ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አይሄድም። ላይ ወጥታችሁ፣ የአየር ጃኬታችሁን ሞልታችሁ ነው የምትከፍቱት።

«መሣሪያዬ የ121.5 ሜጋኸርዝ ሞገድ ስላለው ሳተላይት ይሰማዋል።» ሳተላይቶቹ ይህን ሞገድ ማዳመጥ ያቆሙት የካቲት 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የሚያገለግለው ነፍስ አድኖቹ ከቀረቡ በኋላ አቅጣጫ ለማግኘት ነው።

«ፈቃድ ስለሌለኝ በሬዲዮ መናገር አልችልም።» ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው ባገኘው ሬዲዮ ሁሉ እንዲጣራ ዓለም አቀፉ ደንብ አይከለክለውም፤ ቻናል 16 ላይ «ሜይዴይ» በሉ።

«አዲሱ ስልኬ በሳተላይት ይጣራል።» አገልግሎቱ በተመረጡ አገሮች ብቻ ነው የሚሠራው፤ እርጥብ ስክሪን በእርጥብ ጣት መንካት ደግሞ ቤታችሁ ቧንቧ ሥር ሞክሩት።

«ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የትም ይሠራል»

ፒኤልቢ የትም ይጣራል፤ በውስጡ ያለው መለያ ግን የአንድ አገር ነው። ጥሪው ሲደርስ ነፍስ አድኖቹ የዚያን አገር መዝገብ ከፍተው ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ለማን ስልክ እንደሚደወል ያያሉ። በዘመድ በኩል የመጣውና አሜሪካ ውስጥ ኖኣ በተባለው የባሕርና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ዘንድ በወንድማችሁ ስም የተመዘገበው መሣሪያ ጅቡቲ ላይ ቢጮኽ፣ ስልክ የሚደወለው ለወንድማችሁ ነው። እርሱም ቤቱ ቁጭ ብሎ «እኔ ደኅና ነኝ» ቢል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ምዝገባው በነፃ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ መታደስ ያለበት ሲሆን፣ የጉዞውን ዝርዝርም መጨመር ይቻላል። ማን እንደያዘው፣ የት እንደሚጠልቅ፣ የጀልባው ስምና የአስጎብኚው ስልክ ይጻፍበት። የባትሪው ቀን ያለፈበትን ደግሞ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትግዙ።

«ይህ ካለኝ ብርቱካናማው ቡይ (በአየር ተሞልቶ ውኃ ላይ የሚቆመው ምልክት) ምን ያደርግልኛል?»

ቀደም ብዬ የነገርኳችሁን ሁለቱን ጠላቂዎች ስክሪኑ ያሳየን የነበሩበትን አካባቢ ነው። መሣሪያው ቦታውን የሚልከው በየጊዜው ነው፤ በመካከሉ ፍሰቱ ይወስዳል፤ ፒኤልቢም የሚልከው ቦታ አንድ መቶ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። ማዕበል በሚነሣበት ቀን የሰው ጭንቅላት ከጀልባ ላይ ሲታይ ከነጭ አረፋው አይለይም። ልክ ቦታው ላይ ደርሰን እንኳ ማንንም አላየንም ነበር፤ ቀድሞ የታየን ያቆሙት ብርቱካናማ ቡይ ጫፍ ነው። ከማዕበሉ ጀርባ ብቅ ብሎ ጠፋ፣ እንደገና ብቅ አለ። ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚወርድ ሁሉ ቢያንስ ቁመቱ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚሆን ቡይ፣ ፊሽካ፣ መስታወትና ቀን ቢሆንም የእጅ ባትሪ ይይዛል። መሣሪያው ፈላጊውን አካባቢው ድረስ ያመጣዋል፤ የቀረውን የሚጨርሰው ዐይን ነው።

አሁን ወደብ ላይ፣ ገመዱ ሳይፈታ፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ መሞከሪያ ቁልፍ እናስጫናለን፤ እውነተኛውን ቁልፍ ለሙከራ መጫን የነፍስ አድን ጀልባ በከንቱ ማስነሣት ነውና አይፈቀድም። የጀልባውን ዘጠኝ አኃዝ ከመሪው ክፍል ግድግዳ ላይ እያነበብን እናስገባለን። ገመዱን ከእጅ አንጓ ጋር እናስራለን፣ ምክንያቱም በቀዘቀዘና በተጨማደደ ጣት የተያዘ ዕቃ ያመልጣል። ከዚያም ካፒቴኑን የኤአይኤሱን ገጽ እንዲከፍትልኝና የማንቂያውን ድምፅ እንዲያሰማኝ እጠይቀዋለሁ። ሳልሰማው ወደ ውኃው አልገባም።