ስለ ሞርሞን ሚስዮናውያንና ቤተመቅደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ስለ ሞርሞኖች የሚወራው አብዛኛው ከውጭ አገር ዘመድ ወይም ከስልክ ቪዲዮ የተሰማ ነው። ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ባጅ ያደረጉ ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን (እምነቱን ለማስተማር የሚላኩ አባላት) በየቤቱ ሲዞሩ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከጀርባው ምን ጥቅም ቢኖር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የሚሰጡት መልሶች ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው። ሞርሞን የሚባሉት ሰዎች አባል የሆኑባት ቤተክርስቲያን ሙሉ ስሟ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሲሆን የተቋቋመችው በ1830 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ደመወዝ ይከፈላቸዋል»

አይከፈላቸውም። ወጣት ወንዶች 24 ወር፣ ወጣት ሴቶች 18 ወር የሚያገለግሉት በራሳቸውና በቤተሰባቸው ወጪ ነው። ለምሳሌ ከአሜሪካ የሚነሳ ሚስዮናዊ ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ በወር 500 ዶላር ያዋጣል። ኑሮ ውድ በሆነበት ከተማ ቢመደብም ርካሽ በሆነበት መዋጮው አንድ ነው፤ ገንዘቡ አንድ ላይ ይሰበሰብና ለእያንዳንዱ እንደ አካባቢው የኑሮ ውድነት ይደርሰዋል። አቅም የሌለው ደግሞ የቻለውን ይሰጣል፣ የጎደለውን ሌሎች አባላት ያዋጡት ፈንድ ይሞላለታል።

«ሚስዮናዊ የሆነ አሜሪካ ይገባል»

ብዙ ወጣት ተስፋ አድርጎ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። አመልካቹ የሚመደብበትን አገር አይመርጥም። መጀመሪያ የቅርንጫፉ ፕሬዝዳንት ወይም ኤጲስ ቆጶሱ፣ ማለትም የአጥቢያው ጉባኤ መሪ፣ ያነጋግረዋል፤ ሐኪምና የጥርስ ሐኪም መርምረው ቅጽ ይሞላሉ፤ ቀጥሎ የበላይ መሪ ቃለ መጠይቅ ያደርግለታል፤ ማመልከቻው ተልኮ ሐዋርያት ከሚባሉት የቤተክርስቲያኗ የበላይ መሪዎች አንዱ ይመድበዋል። አፍሪካ ውስጥ ለምሳሌ አክራና ጆሃንስበርግ ማሰልጠኛ አለ። አገልግሎቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መጣበት ይመለሳል። ሚስዮናውያን ገንዘብ ማበደር አይፈቀድላቸውም፤ መጠመቅም ቪዛ አያስገኝም። ይህንን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ለሁለቱም ወገን ደግ ነው።

«ወጣትነታቸው በከንቱ ያልቃል፣ ምን ደስታ አለው?»

ከውጭ ለሚያይ በእርግጥ ከባድ ነው። የተለመደው ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት የሚጠፋው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መካከሉ በጸሎት፣ በመጽሐፍ ጥናት፣ በቋንቋ ልምምድ፣ በማስተማርና ሰው በመርዳት ይሞላል። ሚስዮናዊ ብቻውን አይወጣም፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይሠራሉ። ጓደኛውን የሚመድብለት መሪው ነው፣ በየስድስት ሳምንቱም ሊቀየርበት ይችላል።

ብዙዎቹን የሚያንገዳግዳቸው የበር መዘጋት አይደለም፣ እሱ ይለመዳል። የሚከብደው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናፍቆትና ከጠባዩ ጋር የማይስማማ ጓደኛ ነው። ዝም ብሎ ማኩረፍ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ሁለቱ በየሳምንቱ ቁጭ ብለው ቅር ያላቸውን እንዲነጋገሩ ይደረጋል። ከየካቲት 2019 ወዲህ በሳምንታዊው የዝግጅት ቀን ቤተሰብ ጋር መደወል ተፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት ድምፅ የሚሰማው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ነበር።

ደስታው የሚመጣው ከዚሁ ከባድ ነገር ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ስለ ራሱ ደመወዝ፣ ልብስና ትዳር ማሰቡን ለሁለት ዓመት አቁሞ የታመመ ሲጠይቅ፣ ተስፋ ለቆረጠ ሰው ሲጸልይ፣ መጠጥ ለመተው የሚታገልን በየቀኑ ሲያበረታ፣ ገንዘብ የማይገዛው እርካታ ያገኛል። ጥቅሙን ከጀርባ የሚፈልግ ሰው ሊያየው የሚገባው ይህንን ነው።

«ቡና እምቢ ማለታቸው ንቀት ነው»

በቡና አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1833 በተሰጠውና የጥበብ ቃል በሚባለው ትእዛዝ መሠረት አባላቱ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይወስዱም፤ ሱስ ከሚያስይዝ ነገርም ይርቃሉ። የሚከለከለው መጠጡ ነው፣ አብሮ መቀመጡ አይደለም። ችግር የሚፈጠረው እንግዳው ሲኒው ተቀድቶ ከቀረበለት በኋላ እምቢ ሲል ነው። ቡናው ሳይቆላ «እናቴ፣ እኔ ቡና አልጠጣም፣ ጨዋታው ግን አይቅርብኝ» ቢል፣ ከዚያም ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ ፈንድሻውንና ቆሎውን ቢበላ ማንም አይቀየምም።

«ቤተመቅደሱ ውስጥ የተደበቀ ነገር ይሠራል»

የእሑድ አምልኮ የሚካሄደው በመሰብሰቢያ አዳራሽ ነው፣ ማንም መግባት ይችላል። ቤተመቅደስ ሌላ ነው፤ እሑድ ይዘጋል። ተሠርቶ ሲያልቅ ከመመረቁ በፊት ሕዝቡ ሁሉ ክፍሎቹን እየዞረ እንዲያይ ይከፈታል። ከተመረቀ በኋላ የሚገባው የመግቢያ ፈቃድ ያለው አባል ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው በግንቦት 2025 የተመረቀው የናይሮቢ ቤተመቅደስ ነው። ከጅማ የሚነሳ ሰው ፓስፖርቱን ከማውጣቱ ጎን ለጎን የፈቃዱን ቀን ይመልከት፤ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ለራሱ የመጀመሪያ ሥርዓት የሚሄድ ደግሞ ተጨማሪ ፈቃድና ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ያንን ወረቀት ረስቶ መድረስ ያን ሁሉ መንገድ መና ያስቀራል።

በር ላይ ፈቃዱ ይታያል፤ ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ ሁሉም ነጭ ይለብሳል። ሀብታምና ድሃ አይለይም። ከዚያ ትምህርት፣ ጸሎትና ከእግዚአብሔር ጋር የሚገባ ቃል ኪዳን ይከተላል፤ መጨረሻው በጸጥታ የሚጸለይበት ክፍል ነው። ዝርዝሩን ውጭ የማያወሩት ቅዱስ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው።

«ሠርጋቸው ላይ ወላጅ አይገባም፣ ብዙ ሚስትም ያገባሉ»

ባልና ሚስት ለዘላለም የሚታተሙበት፣ ማለትም ጋብቻቸው ከሞት በኋላም ይቀጥላል ተብሎ የሚታመንበት ሥርዓት ላይ የሚገኙት ፈቃድ ያላቸው ብቻ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከ2019 ወዲህ ሙሽሮቹ በሕጋዊ ጋብቻ መላውን ዘመድ ጠርተው ከደገሱ በኋላ፣ ዓመት ሳይጠብቁ ቤተመቅደስ መሄድ ይችላሉ። ከአንድ በላይ ማግባት እንዲቆም የታወጀው በ1890 ነው፤ ዛሬ የሚፈጽም ይወገዳል።

«የሞተ ሰው ያጠምቃሉ»

ሬሳ የሚነካ የለም። ሕያው ሰው በሟቹ ስም ውኃ ውስጥ ይጠመቃል፤ መነሻ የሚያደርጉት 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29ን ነው። በእምነታቸው ሟቹ በነፍሱ ይቀበላል ወይም እምቢ ይላል፤ አባል ሆኖ አይመዘገብም። አባላት የራሳቸውን ቅድመ አያቶች ስም እንዲያዘጋጁ ይጠበቃል፤ ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የእኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። የአያትን ስም መጠሪያ አድርጎ የሞላ ሰው አባትና ልጅን የማይዛመዱ ያስመስላቸዋል። ሁለተኛ፣ በጅማ አካባቢ የጥንት ሰዎች በፈረስ ስማቸው ይታወቃሉ፤ አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ሽማግሌ ሲጠየቅ የወጣለትም ስም የፈረሱም ስም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የዘመን አቆጣጠር፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። መስከረም 1950 ዓ.ም. 1957 ነው፤ ጥር 1950 ግን 1958። ሟቹ ባለፉት 110 ዓመታት ውስጥ የተወለደ ከሆነ ደግሞ ጠያቂው የቅርብ ዘመድ ካልሆነ በቀር፣ በሕይወት ካለ የቅርብ ዘመድ ፈቃድ ሳያገኝ ስሙን ማስገባት አይችልም።